ያልተነካው ጠርሙስ

ጠርሙስ ማጠብ የተማርኩት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ይህን ስናገር የሚስቅ አይጠፋም፤ እኔም ያኔ ስቄ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን ያቋረጥኩ የደሴ ልጅ ነኝ፤ ዕቃ ሳጥብ ነው ያደግኩት። ጋሽ እንድሪስ ግን በመጀመሪያው ቀን አንዲት ጠርሙስ ሰጡኝ፤ አጥቤ ስመልስላቸው ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩዋትና «ድገሚያት» አሉኝ። ደገምኩ። «ድገሚያት።» አምስተኛው ላይ ተናደድኩ።

«ምኗ ነው የቀረው ጋሼ?»

«ሳሙናዋ።»

«ሳሙና እኮ ማጽጃ ነው።»

«ለእኔና ለአንቺ። እነሱን ይፈጃቸዋል።»

«እነሱ» ያሏቸው በማሞቂያው ሳጥን ውስጥ፣ በጠርሙስ የሚኖሩ የሰው አንጀት ሴሎች መሆናቸውን የነገሩኝ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ቀድመው ቢነግሩኝ በማግስቱ እንደማልመጣ ሳያውቁ አልቀሩም።

የጋሽ እንድሪስን መሞት የሰማሁት ከዓመታት በኋላ፣ ሐረጎ ላይ ነው። ሐረጎ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ነው፤ ለደሴ ብርድ የለበስነውን ሹራብ የምናወልቀው እዚያ ስንደርስ ነው። ሚኒባሱ ጉሙ ውስጥ እየተሳበ ሲወርድ ስልኬ ጮኸ። የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ናት። «ጋሽ እንድሪስ…» አለችና ኔትወርኩ ሄደ። የቀረውን መስማት አላስፈለገኝም፤ በስኳር ሕመም ከተኙ ከርመዋል። እንባ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። የመጣው ድካም ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ያልተናገርኩት አንድ ነገር ነበረኝ፤ ልነግረው የሚገባኝ ሰው ደግሞ ለቅሶው ላይ እንደሚቀመጥ አውቃለሁ። ወንድማቸው ነው።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ኮምቦልቻ ውስጥ ሦስት ክፍል ያላት፣ የከብት በሽታ የሚመረመርባት አንዲት ትንሽ ቤት ነበረች። ዛሬ የሲሚንቶ መጋዘን ሆናለች። ጋሽ እንድሪስ የዚያች ቤት የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነበሩ፦ ቀጭን፣ ረጅም፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ፣ ሃምሳዎቹን ያጋመሱ። ነጭ ጋዋናቸው ከመታጠብ ብዛት ሳስቶ የሸሚዛቸው መስመር በላዩ ይታያል። ሁሉን ነገር ወደ ብርሃን አንስተው ማየት ልማዳቸው ነው፤ ጠርሙሱን፣ የሻይ ብርጭቆውን፣ እንቁላሉን፣ ከበላይ የመጣውን ደብዳቤ ሳይቀር።

«ደብዳቤ ውስጥ ደግሞ ምን ይታያል ጋሼ?» ስላቸው፣

«ምንም። ያንኑ ላረጋግጥ ነው» አሉኝ።

ለአንድ ሥራ ሁልጊዜ ሁለት ጠርሙስ ያዘጋጃሉ። አንደኛው ላይ የሚመረመረውን ነገር ጠብ ያደርጉበታል፤ ሁለተኛው ላይ ምንም። ሌላው ሁሉ እኩል ነው፤ ምግባቸው፣ ሙቀታቸው፣ የቀኑ ብዛት። ሁለተኛውን «ያልተነካው» ይሉታል። የተነካው ሞቶ ያልተነካው ከኖረ፣ ገዳዩ የጨመሩት ነገር ነው። ሁለቱም ከሞቱ ግን ምንም አላወቅንም ማለት ነው፤ ከዜሮ ይጀመራል። ይህን ነገር ከላቦራቶሪው አውጥተው በኑሮ ላይ ሁሉ ያውሉት ነበር። ዘበኛችን አንድ ቀን፣

«ዳማከሴ ጠጥቼ ጉንፋኔ በሳምንቱ ለቀቀኝ» ቢላቸው፣

«ያልጠጣውንስ በስንተኛው ቀን ለቀቀው?» አሉት።

ዘበኛው እስከ ማታ አኩርፎ ዋለ።

በኢሕአዴግ ጊዜ ደግሞ ግምገማ የማያውቅ መሥሪያ ቤት አልነበረም። ክፉ ደጉ፣ የቀረው ያልቀረው በስብሰባ ይበጠራል። አለቃችን ከፊት ቆመው «ከግምገማው ወዲህ የሥራ ተነሳሽነታችን ጨምሯል» ሲሉ፣ ጋሽ እንድሪስ ከኋላ ወንበር እጃቸውን አወጡና ቀስ ብለው «ያልተገመገመው ክፍል የት አለ፣ እናስተያየው?» አሉ። ማንም ለመሳቅ አልደፈረም። እኔ ጓንት ማድረቂያው ጋ ሄጄ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሴሎቹን ከሩቅ አገር መጥቶ ጥቂት ወራት አብሯቸው የሠራ ተመራማሪ ነው ትቶላቸው የሄደው። ድሮ ከታመመ ሰው አንጀት ተወስደው፣ በጠርሙስ ውስጥ እየተባዙ እስካሁን የደረሱ ዘሮች ናቸው። ስሰማ አማተብኩ።

«ታዲያ የከብት ቤት ውስጥ የሰው አንጀት ምን ይሠራል?»

«የጥጃ ቫይረስ ከከብት ሴል ይልቅ በእነዚህ ላይ ማደግ ይወዳል። ለምን እንደሆነ አብረን እናያለን።»

ምግባቸው ቀይ ውሃ ነው። ቀዩ ወደ ቢጫ ሲዞር ርቧቸዋል ማለት ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ጋሽ እንድሪስ ጠርሙሶቹን በፎጣ ጠቅልለው፣ ሙቅ ውሃ በሞላበት ላስቲክ ከበው፣ በካርቶን ውስጥ እንደ ጫጩት ይይዟቸው ነበር። ሲከፍቷቸው «ቢስሚላህ» ይላሉ። እኔም ጧት ጧት ሳጥኑን ስከፍት «እንደምን አደራችሁ» ማለት ለመድኩ። በማይክሮስኮፕ ሲያሳዩኝ እንደ ድንጋይ ንጣፍ ጎን ለጎን ተጣብቀው ነበር፤ አንድ ቀዳዳ የላቸውም። ሲሞቱ ይሰበሰቡና ይድቦለቦላሉ፤ ከዚያ ከጠርሙሱ ተላቅቀው ይንሳፈፋሉ።

ሥራው ይህ ነበር። ነገሩ ግን ወተት ሆነ።

ከዐረብ አገር ወሬ የመጣ ሰሞን ነው። ግመል ላይ የሚገኝ በሽታ ሰው ላይ ሳል እየሆነ ይገድላል ተባለ። በሬዲዮ ተነገረ፤ እዚያ በቤት ሠራተኝነት ያሉ የሰፈራችን ሴቶችም እየደወሉ ነገሩን። ጋሽ እንድሪስ ቫይረሱ ኮሮና ከሚባለው ዘር እንደሆነ ነገሩኝ። ያኔ ይህን ስም ከእኛ ክፍል ውጪ የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም።

«ዘመዱን ጥጃ ላይ አውቀዋለሁ» አሉ። «የጥጃውን ሳንባም ይይዛል፣ አንጀቱንም ይይዛል። አሁን ከዐረብ አገር የሚወራውም ከሚያስላቸው ሰዎች አንዳንዶቹን ሆዳቸውን እንዳመማቸው ነው።» ጠርሙሶቹን ወደ ማሞቂያው መለሱ። «እናቴ የግመል ወተት ነው የምትጠጣው» አሉ ቆይተው።

እናታቸው እማ ዘሐራ ዘጠናን የተጠጉ፣ ደረታቸው ደካማ የሆነ አሮጊት ነበሩ። የሚኖሩት ኮምቦልቻ ዳር፣ ከጋሽ እንድሪስ ታናሽ ወንድም ከጋሽ ይመር ጋር ነው። ጋሽ ይመር የከብትና የግመል ነጋዴ ናቸው፤ ባቲ ገበያ የማያውቃቸው የለም። ድምፃቸው ትልቅ፣ ሳቃቸው ቤት የሚሞላ። ለእናታቸው ብለው አንዲት የምትታለብ ግመል ገዝተው፣ ጧትና ማታ ትኩሱን ወተት በገዛ እጃቸው ያጠጧቸዋል። እንደ መድኃኒት ነው የሚያዩት። እናታቸውን በመውደድ የሚበልጣቸው አልነበረም።

የዚያን ዓመት ዒድ ጋሽ እንድሪስ እዚያ ቤት ጠሩኝ። ለእኔ ለክርስቲያኗ ሽሮ ለብቻዬ ተሠርቶልኝ፣ እማ ዘሐራ አጠገብ ተቀምጬ ስበላ ወተቱ መጣ።

«አፍላው» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

«ጀመረ» አሉ ጋሽ ይመር ወደ እኔ ዞረው። «እናንተ ቢሮ ስብሰባ የለም እንዴ? እዚያ አይጨርሰውም?»

«ድስት ገዝቼ ያመጣሁት እኮ ለዚህ ነው።»

«ጋሼ ሙት፣ ድስትህ ሥራ አልፈታም።» ወደ ግቢው ጠቆሙ። አንድ አዲስ የአልሙኒየም ድስት ዶሮዎች ውሃ ይጠጡበታል።

ጋሽ እንድሪስ አልተቆጡም። «ይመር፣ እሳት ላይ ጥደህ አንድ ጊዜ ቢፈላ ምን ይጎድልሃል?»

«ቃሌ ይጎድላል። ይቺን ግመል ስገዛ ወተቷን እሳት አላስነካም ብዬ ለሰውየው ቃል ሰጥቻለሁ። እሳት ከነካው ግመሏ ትነጥፋለች። የሸጠልኝ ሰው አባቱም አያቱም ከግመል ጋር ያረጁ ናቸው። አንተ ግመል ያየኸው በማይክሮስኮፕ ነው።» ሳቁ። «ደግሞስ፣ ሳል በአፍንጫ ይገባል፤ ወተት በሆድ። ሆድና ሳል ምን አገናኛቸው?»

ጋሽ እንድሪስ ከፊታቸው ካለው ዳቦ ቆርሰው ሦስት ፍርፋሪ ሰሃኑ ላይ አስቀመጡ።

«ይቺ ኮምቦልቻ ናት። ይቺ ደሴ። ይቺ ባቲ። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ኮምቦልቻ መገንጠያው ላይ ሲደርስ ወደ ደሴም ይወጣል፣ ወደ ባቲም ይወርዳል። ጉሮሮ እንደዚያ ነው። አየሩ ወደ ሳንባ ይወጣል፣ ምግቡ ወደ ሆድ ይወርዳል። እዚህ የደረሰ እንግዳ በአንዱ መንገድ ብቻ ነው የሚሄደው ያለህ ማነው?»

«እሺ ሄደ። ባቲ ደረሰ። ማን አስገባው?»

«እሱን ነው የምነግርህ። ቫይረስ ደጅ ያንኳኳል እንጂ ግድግዳ አያፈርስም። ሴሉ ላይ የሚይዘው እጀታ ይፈልጋል። ያ እጀታ ሳንባ ላይ ብቻ ቢሆን ሆድ ቢገባም ደጅ ሲጠና ይቀራል። አንጀት ላይም ካለ ግን ይገባል፤ ገብቶ በሴሉ ጓዳ የራሱን ዘር ያባዛል፤ ሴሉ ሲሞት ወደ ጎረቤቱ ያልፋል።»

«የኔ ጨጓራ ድንጋይ ይፈጫል። በምን አልፎ?»

«ጨጓራ ኬላ ነው። ሆድ ባዶ ሲሆን ፈታሹ ነቅቶ ይጠብቃል፤ አሲዱ ብዙውን ይጨርሰዋል። ወተት ሲወርድ ግን አሲዱን ያለዝበዋል፤ እንግዳው ወተቱ ውስጥ ተሸሽጎ ሊያልፍ ይችላል።»

ጋሽ ይመር ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቃቸውን አቆሙ። «አየኸው?»

«አላየሁም። ‹ሊያልፍ ይችላል› ነው ያልኩህ።»

«ታዲያ ባላየኸው ነገር እናቴን ከወተቷ ልትለያት ነው?»

«በሁለታችሁ መሀል ወተቱ ቀዘቀዘብኝ» አሉ እማ ዘሐራ፣ ጣሳውንም ሳቡት።

እኔ መሬት መሬት አየሁ። ‹አይቻለሁ› ማለት አንዲት ቃል ናት። ቢሏት ኖሮ ጉዳዩ እዚያው ባለቀ። እሳቸው ግን ለረጅም ጊዜ እናታቸው ሲጠጡ ካዩ በኋላ እንዲህ አሉ፦ «የግመሉን እዚህ መንካት አይፈቀድልንም፤ መጠንቀቂያው የለንም። የጥጃውን ግን ላሳይህ እችላለሁ። ከሚያስል ጥጃ አፍንጫ የተወሰደው ቫይረስ የሰው አንጀት ሴል ውስጥ ሲገባ ታያለህ። የጥጃው ገባ ማለት የግመሉም ይገባል ማለት አይደለም። የሳል በሽታ ወደ ሆድ የሚገባበት በር እንዳለው ግን ታያለህ።»

«አሳየኝ» አሉ ጋሽ ይመር። «በዓይኔ ካየሁ፣ ወላሂ፣ የዚያኑ ዕለት አፈላለሁ። ለሰውየውም ቃሌን ማፍረሴን ራሴ ሄጄ እነግረዋለሁ።»

እንዲህ ተዋዋሉ።

ጥጃዋን ያገኘነው ደሴ ዙሪያ፣ አንዲት ባልቴት ግቢ ውስጥ ነው። ታስላለች፣ አፍንጫዋ ይዝረከረካል፣ ሆዷ ግን ደህና ነው። ጋሽ እንድሪስ ተንበርክከው በእንጨት ጫፍ የተጠቀለለ ጥጥ አፍንጫዋ ውስጥ ሲያዞሩ ባልቴቷ፣

«ምነው ሐኪሙ፣ ጥጃዬን በአፍንጫ ሱረት መሳብ ሊያስለምዷት ነው?» አለቻቸው።

ከኋላም ናሙና ወሰዱ። «ከፊትም ከኋላም ጠይቁ» ነበር ደንባቸው፤ በዚህ የተነሳ የሚኒባስ ረዳቶች ሳይቀሩ ይቀልዱባቸዋል። የአፍንጫው ናሙና ወደ አንደኛው ጠርሙስ ገባ። ሁለተኛው ሳይነካ ቀረ። የማስቀመጫው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ናይትሮጂን ካለቀ ስለከረመ በበረዶ የተቀመጠ ትርፍ ዘር አልነበረንም፤ ስለዚህ ያልተነካው ጠርሙስ ምስክርም ዘርም ነበር። እነዚህ ሁለቱ ከሞቱ ሌላ የለም።

ጋሽ ይመር ዓርብ ጧት፣ ከጁምዓ በፊት ሊመጡ ተቀጣጠሩ።

ረቡዕ ዕለት ቧንቧው ከደረቀ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። የቀረን ሁለት ጀሪካን ነው። ሐሙስ ለሴሎቹ የሚሠራው ምግብ የሚቀመጥበትን ጠርሙስና አንድ መጠባበቂያ እንዳጥብ ታዘዝኩ። ደንቡ በሳሙና ካጠቡ በኋላ አሥር ጊዜ ማለቅለቅ ነው፤ ሰባቱን በቧንቧ ውሃ፣ ሦስቱን በተጣራ። ክረምት ነበር። ሐረጎ በጉም ሲዘጋ ሚኒባሶቹ ጊዜ ሳይደርስ ያቆማሉ፤ ረዳቱ ከበር «ደሴ፣ ደሴ፣ የመጨረሻ» ይላል። አራት ጊዜ አለቀለቅሁ። ብርሃኑም ላይ አላነሳኋቸውም።

«ጨረስሽ?» አሉኝ ከውስጥ።

«ጨርሻለሁ።»

«አሥር?»

«አሥር» አልኳቸውና ሹራቤን ይዤ ሮጥኩ።

ሐሙስ በዚያ ጠርሙስ ምግቡን ሠርተው ለሁለቱም አበሏቸው። ዓርብ ጧት ስደርስ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብለው አገኘኋቸው። ቀና አላሉም። እንደገና አዩ። ጠርሙሱን ቀይረው አዩ። ከዚያ ወንበሩን ለቀቁልኝ።

የተነካው ጠርሙስ ውስጥ ንጣፉ የለም። ሴሎቹ ተድቦልቡለው ይንሳፈፋሉ። በደስታ ‹ገባ!› ልል ነበር። ያልተነካውን አየሁ። እሱም እንደዚያው ነው።

ጋሽ እንድሪስ መጠባበቂያውን ባዶ ጠርሙስ አወረዱ። የተጣራ ውሃ ጨመሩበትና ነቀነቁት። ወደ መስኮቱ አነሱት። አረፋው አንገቱ ድረስ ወጥቶ ቆመ። ለረጅም ጊዜ አልከሰመም።

 አራት ጊዜ ብቻ ማለቅለቄን እኔው ተናገርኩ፤ ለቅሶዬና ንግግሬ ተደባልቆ።

«ደክሞሽ ነበር» አሉ።

«ሚኒባሱ…»

«አውቃለሁ። ሐረጎ።» ጠርሙሱን አስቀመጡና ተቀመጡ። ያን ቀን ነው እርጅናቸውን ያየሁት። ስንት መብራት የጠፋበት ቀን በፎጣ ጠቅልለው ያሳደጓቸው ሴሎች በእኔ አራት ማለቅለቅ አለቁ።

ውጪ የጋሽ ይመር ድምፅ ከዘበኛው ጋር ሲቀልድ ተሰማ። ተነስቼ ያልተነካውን ጠርሙስ ያዝኩ።

«ጋሼ፣ ይህን ልድፋው። አንዱን ብቻ ያሳዩዋቸው። ሞቷል አይደል? በጥጃው ይሁን በሳሙናው በምን ያውቃሉ? ለእማ ዘሐራ ነው።»

እጃቸውን ዘረጉ። አልሰጠሁም።

«ዝናሽ፣ ጠርሙሱን ስጪኝ።»

«እናትዎ እኮ ናቸው።»

«እናቴ ናት» አሉ። «ለእሷ የምዋሽ ቢሆን ኖሮ ዒድ ዕለት እዋሽ ነበር። ያኔ የአንቺ ጠርሙስም አያስፈልገኝም ነበር። ስጪኝ፣ ልጄ።»

ሰጠኋቸው።

ጋሽ ይመር ገቡ፤ ለጁምዓ ነጭ ለብሰዋል። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው የተነካውን አዩ። ፊታቸው ተለወጠ። «እነዚህ የሚንሳፈፉት ሬሳዎቹ ናቸው?» አሉ፤ ድምፃቸው ወርዶ።

«ናቸው። አሁን ይህን እይ። ይህ ምንም ያልነካው ነው።»

አዩ። ቀና አሉ። «ይህም ሞቷል።»

«ሞቷል። ስለዚህ ዛሬ ምንም አላሳየሁህም። የምግቡ ጠርሙስ ላይ ሳሙና ቀርቶ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ወደ እኔ ዞር እንኳ አላሉም። የጋሽ ይመር ያ ትልቁ ሳቅ መጣ። «ወንድሜን በሳሙና የረታሁት እኔ ብቻ ነኝ! ጋሼ፣ ግዴለም፣ ለጁምዓ እንሂድ።» ትከሻቸውን አቅፈዋቸው ወጡ።

በወሩ ግምገማ ላይ ነገሩ ተነሳ። በእርዳታ የተገኘ የመንግሥት ንብረት በማን ጥፋት ወደመ ተባለ። ጋሽ እንድሪስ ተነስተው «ጠርሙሱን ሳላረጋግጥ የተጠቀምኩት እኔ ነኝ» አሉ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። ያንንም ወረቀት ወደ ብርሃን አንስተው አዩት። እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። እጄን ላወጣ አስቤ ነበር፤ ጊዜያዊ ሠራተኛ ነበርኩ፣ ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ። አላወጣሁም።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ሴል እንዲላክ ደብዳቤ መጻፍ ጀመሩ። ይጽፋሉ፣ ማኅተም ይመታበታል፣ ይሄዳል። መልስ ሲመጣ «ጥያቄዎ በሚመለከተው አካል እየታየ ነው» ይላል። ቀጣዩን እየጻፉ፣ በመካከሉ ለእኔ ደብተር ገዝተው ሴል እንዴት እንደሚሳል፣ ቫይረስ እንዴት እንደሚባዛ አስተማሩኝ። ዛሬ የማውቀው ሁሉ ከዚያ ደብተርና ከዚያ ወዲህ አንድ በአንድ ለቃቅሜ ካነበብኳቸው መጻሕፍት የመጣ ነው። የኔን ጥፋት አንድም ቀን አላነሱብኝም። ጠርሙስ አጥቤ ስሰጣቸው ግን ወደ ብርሃን ማንሳት ተዉ፤ ሳያዩ ይቀበሉኝ ጀመር። ከቁጣ የከበደኝ እሱ ነው። በየቀኑ አሥር አለቅልቄ፣ አሥራ አንደኛውን እጨምር ነበር።

ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሴሎቹ አልመጡም። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ወንድማቸው ቤት ይሄዱ ነበር አሉ። እናታቸውን ጎንበስ ብለው ጉልበታቸውን ይስማሉ፤ «አፍላው ይመር» ይላሉ፤ ጋሽ ይመር «አሳየኝ ጋሼ» ይላሉ። እንደ ሰላምታ ሆነ። በመጨረሻ በሽታው እግራቸውን ሲይዛቸው፣ በስልክም «አፍላው» ይሏቸው ነበር።

ለቅሶው የተቀመጠው እዚያው፣ ጋሽ ይመር ግቢ ነው። ስደርስ ቀብሩ አልፎ፣ ሰው ሳር ላይ ተቀምጦ ነበር። እማ ዘሐራ በረንዳው ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ልጃቸው ቀድሟቸው እንደተቀበረ የገባቸውም ያልገባቸውም ይመስላሉ። ጋሽ ይመር ከሰው ተለይተው ግመሏ የታሰረችበት ጥግ ቆመዋል። ድምፃቸው ጠፍቶ ነበር።

«አላህ ያጽናዎት» አልኳቸው።

«አሚን። አንቺ የጠርሙሷ ልጅ አይደለሽም?»

«ነኝ። እሱን ልነግርዎ ነው የመጣሁት። ያን ቀን ሳሙናው የኔ ነበር። አሥር ማለቅለቅ ሲገባኝ አራት አለቅልቄ፣ አሥር ነው ብዬ ዋሽቼ ወጣሁ። እሳቸው የኔን ጥፋት ወሰዱ። በግምገማም ወሰዱት፣ እኔ ዝም ብዬ ሰማሁ።»

ጋሽ ይመር የግመሏን አንገት በእጃቸው ያሻሹ ጀመር።

«አንድ ነገር ደግሞ አለ» አልኩ። «ያልተነካውን ጠርሙስ ልድፋው፣ አንዱን ብቻ ያሳዩዋቸው ብዬ ለምኛቸው ነበር። እንቢ አሉ።»

እጃቸው ቆመ።

«ሁለተኛውን ባያሳየኝ» አሉ ቀስ ብለው፣ «አምነው ነበር።»

«ያምኑ ነበር።»

«የዚያኑ ዕለት አፈላ ነበር።»

«አዎ።»

«እሱስ ይህን ያውቅ ነበር?»

«ያውቁ ነበር። በር ላይ ድምፅዎን እየሰማን ነው ጠርሙሱን ከእጄ የተቀበሉኝ።»

ጋሽ ይመር የግመሏን አንገት ለቀቁ። «እኔ ደግሞ ሳቅሁበት» አሉ። 

ከዚያ ወደ ዶሮዎቹ ሄዱ። ድስቱ አርጅቶ፣ ጎኑ ረግቦ፣ ውስጡ አረንጓዴ ሆኗል። ውሃውን ደፉት። ሴቶቹ ሊቀበሏቸው ሲነሱ በእጃቸው መለሷቸውና ራሳቸው በአመድና በጭድ ፈተጉት። ሲጨርሱ ወደ እኔ መጥተው «ይህን አንቺ አለቅልቂው» አሉ። አሥር ጊዜ አለቀለቅሁት። እሳቸው አጠገቤ ቆመው ቆጠሩ።

ግመሏን አለቧት። ወተቱን ለቅሶተኛው ሁሉ እያየ ምድጃው ላይ ጣዱት፤ ገንፍሎ እስኪነሳ ቆመው ጠበቁ። አወረዱትና በረንዳው ላይ አስቀምጠው ራስ ራሱን እያማሰሉ አቀዘቀዙት። አንድ ጊዜ ቀመሱ። ከዚያ ጣሳውን በሁለት እጃቸው ይዘው ለእናታቸው አጠጧቸው። በማግስቱ ጧት ግመሏን ወደሸጠላቸው ሰው ሄደው ቃላቸውን ማፍረሳቸውን ሊነግሩት በባቲ መንገድ ወረዱ።